ያጠሩትን ስለ መጠበቅ፤ በመስተዋት ውኃ ውስጥ ከሚበቅል ተክል የሚገኝ ትምህርት

ሰው ሕይወት ያለውን ነገር ለደስታው ወይም ለጥቅሙ ብሎ ከኖረበት ቦታ አንሥቶ በራሱ አጥር ውስጥ ባስገባው ጊዜ፥ ለዚያ ነገር ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ላምን ከበረት፥ ዶሮን ከቆጥ፥ ልጅን ከትምህርት ቤት የሚያስገባ ሰው ሁሉ መልሱን ያወቀ ይመስለዋል፤ መቀለብ ነው፥ መጠበቅ ነው፥ አለቀ ይላል። ነገር ግን ላም ስትራብ ትጮኻለች፥ ዶሮም አጥር ጥሳ ትወጣለች፥ ልጅም ያለቅሳል። የኅሊናችን ልክ በደንብ የሚታየው የማይጮኽ፥ የማይሸሽ፥ የማያለቅስ ፍጥረት በእጃችን ሲወድቅ ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ከፍጥረት ሁሉ ዝምተኛውን፥ በመስተዋት ዕቃ ውኃ ውስጥ የሚያድገውን ተክል፥ ምሳሌ አድርጌ ለመናገር አስቤአለሁ።

አኳሪየም የሚባለው፥ ግድግዳው መስተዋት የሆነ፥ ጣፋጭ ውኃ የተሞላ፥ ከታቹ አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት፥ በውስጡም ዓሣና የውኃ ሣር የሚኖሩበት ዕቃ ነው። በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሆቴልና በአንዳንድ ባለጸጋ ቤት ይታያል። የወግዲ አንባቢ ግን «እናቶቻችን ከምንጭ እንስራ ተሸክመው ዳገት በሚወጡበት አገር፥ ውኃን በመስተዋት አስሮ ማየት ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሴ ይህ ነው፤ ትንሿ ዕቃ ትልቁን ነገር ታሳያለች። በአንዲት ገንቦ በምታህል ውኃ ውስጥ በአንድ ወር የሚደርሰው ጥፋት፥ በሐይቅ ሲደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህም በሐይቁ የማይታየን በዕቃዋ ይታየናል።

የዚህ ብልኃት ታሪክ ለማወቅ የሚበቃ ነው። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1771 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ፥ ሻማ ነዶ በጠፋበት፥ በተዘጋም አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አስገባ። ከአሥር ቀን በኋላ ሻማ ቢያገባ እንደገና ነደደ። ተክሉ የተበላሸውን አየር አድሶት ነበር። በ1779 ያን ኢንገንሃውስ የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ደግሞ ቅጠሎችን በውኃ ውስጥ አጥልቆ ተመለከተ። ፀሐይ በበራባቸው ጊዜ ከቅጠሉ ገጽ ትንንሽ የአየር አረፋ ይወጣል፤ በጨለማ ጊዜ ግን ይቆማል። አየርን የሚያድሰው ተክሉ ብቻውን ሳይሆን ተክሉና ብርሃኑ ተባብረው መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከዚያም በ1829 ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም የአንድ የእሳት ራት ሙሽሬ በእርጥብ አፈር ውስጥ አድርጎ በጠርሙስ ከድኖ አኖረ። ሐሳቡ ራቱን ሲወጣ ለማየት ነበር፤ ነገር ግን ያልጠበቀው ፈርንና ሣር ከአፈሩ በቀሉ። የለንደን ጢስ የሚገድላቸው ቡቃያዎች በተከደነው ጠርሙስ ውስጥ ለመለሙ። በ1833 ዋርድ በመስተዋት ሣጥን የተከደኑ ተክሎችን በመርከብ ወደ አውስትራልያ ሰደደ፤ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው በሕይወት ደረሱ። ከዚህ ወዲህ የዓለም ተክል ከአገር ወደ አገር መጓዝ እጅግ ቀለለ። የዚህን ነገር በረከቱንም መርገሙንም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለእኛ ጉዳይ ዋና የሆነው ግን የሮበርት ዋሪንግተን ሥራ ነው። ይህ የለንደን ኬሚስት በ1850 ለኬሚስቶች ማኅበር ያስታወቀው ነገር እንዲህ ነበር። በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውኃ ሞልቶ፥ አሸዋና ድንጋይ አንጥፎ፥ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችና ቫሊስኔሪያ የሚባለውን፥ ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ የረዘመ የውኃ ሣር አገባ። ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ሣሩ ይመገባል፥ ሣሩ የሚያወጣውን ኦክሲጅን ዓሣው ይተነፍሳል ብሎ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ያረጁት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን አደፈረሱት፥ ዓሣዎቹም ተጨነቁ። ዋሪንግተን በኩሬ ያለውን ሥርዓት አስተውሎ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች አመጣ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን ቅጠልና ዝልግልጉን በሉት፤ ውኃውም ጠራ፥ ሁሉም ጤና አገኘ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በዚያች ዕቃ ውስጥ ያማረው ዓሣው ነው፥ የተመሰገነው ሣሩ ነው፤ ቤቱን ከመፍረስ ያዳነው ግን ማንም የማያየው፥ ከታች የሚሳበው ቀንድ አውጣ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱና በየመንደሩ ጥራጊ የሚያነሣውን ሰው ስም የማናውቅ ሰዎች ይህን ብናስብ መልካም ነው።

አሁን ወደ ተክሉ ኑሮ እንግባ። የውኃ ተክል ለመኖር የሚሻው አራት ነገር ነው፤ ብርሃን፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር፥ ምግብ የሚሆኑት የአፈር ጨዎች፥ ደግሞም ያልተመረዘ ውኃ። አራቱም በልክ መሆን አለባቸው፤ አንዱም ያለ ሌላው አይረባም። በሜዳ የሚበቅል ተክል አየሩን ነፋስ ያመጣለታል። በውኃ ውስጥ ግን ያ አየር በነፃ አየር ከሚንቀሳቀሰው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የውኃ ተክል ዘወትር አየር እንደ ራበው ይኖራል፤ ውኃው ትንሽ ካልተነቃነቀ በመልካም ውኃ መካከል ይታፈናል።

ጀማሪ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተክሉ ሲገረጣ ባየ ጊዜ ብርሃን አነሰው ብሎ ቀኑንም ሌሊቱንም መብራት ያበራለታል። ምግብ አነሰው ብሎ ማዳበሪያ ይጨምርለታል። ተክሉ ግን የጎደለው አየሩ ነውና የተጨመረውን ሊበላው አይችልም። ያልተበላ ማዕድ ደግሞ ሌላ በላተኛ ይጠራል። በውኃና በድንጋይ ላይ የሚጋግረው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር፥ በትምህርት ቋንቋ አልጌ የሚባለው፥ ይመጣል፤ በቅጠሉ ላይ ይለጠፋል፥ ብርሃኑንም ይጋርደዋል። ባለቤቱ ብርሃን በጨመረ ቁጥር ተክሉ ወደ ጨለማ ይገባል። የሚያውቁት ግን መብራቱን በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ያበራሉ፤ ለዓሣው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በልቶ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይሰጣሉ፤ በየሳምንቱም ከውኃው ሩቡን ያህል ቀድተው በንጹሕ ውኃ ይተካሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደፉትም። ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች የዓሣውን ፍግ ከመርዝነት ወደ ተክል ምግብነት ይለውጣሉና፥ እነርሱ በአሸዋውና በጠጠሩ እስኪበዙ ድረስ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ቤት ሊሠራው አይችልም።

እንግዲህ ፍቅር ያለ ልክ ፍቅር ነውን? ብዙ ሰው «ከፍቅሬ ብዛት ነው» ሲል እንሰማለን። አባት ልጁን ከፍቅር ብዛት ከሥራ ሁሉ ያርቀዋል፤ ልጁ ክንዱ ሳይጠና ያድጋል። እናት ከፍቅር ብዛት የልጇን ጥፋት ትሸፍናለች፤ ልጇ እውነት ለመናገር ሳይለምድ ለሰው ይተርፋል። እኔ ግን ይህ ከፍቅር ብዛት የመጣ አይመስለኝም፤ ከማስተዋል ማነስ የመጣ ነው። ለሌላው የሚያስፈልገውን ሳይሆን ለእኛ መስጠት ደስ የሚለንን ስንሰጥ፥ የምንወደው መስጠታችንን እንጂ ተቀባዩን አይደለም። ተቀባዩን የሚወድ ሰው አስቀድሞ ይመለከታል፤ ከዚያ በኋላ ይሰጣል።

መመልከትም ዕውቀት ነው። የውኃ ተክል አፍ ባይኖረው ቅጠሉ ይናገራል። አሮጌው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አንሶት ይሆናል፤ አዲሱ ቡቃያ ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት አንሶት ይሆናል፤ በአሮጌው ቅጠል ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ከታየ ፖታስየም አንሶት ይሆናል። ሦስቱም «ታሟል» ይባላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ደግሞ ሁሉም ተክል አንድ ዓይነት አተካከል አይወድም። ቫሊስኔሪያ ሥሩ በአሸዋ ካልተቀበረ አይበረታም። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች ዳር የሚገኘው አኑቢያስ ግን በድንጋይና በእንጨት ላይ የሚኖር ነው፤ ወፍራሙን አግዳሚ ግንዱን በአሸዋ ቢቀብሩት ይበሰብሳል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት አያያዝ መስጠት እኩልነት ሊመስል ይችላል፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ለብዙ ዓመት በማስተማር የኖርኩ ነኝና፥ ሃምሳ ልጆችን በአንድ ልክ ማስተማር ለአስተማሪው እንዴት እንደሚቀል፥ ለልጆቹ ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ። ከሻጭ የሚገዛው የውኃ ተክል ብዙውን ጊዜ ያደገው ሥሩ በውኃ፥ ቅጠሉ በአየር ሆኖ ነው። ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡት ያን ቅጠሉን ይጥላል፤ ይሟሽሻል፤ የሞተ ይመስላል። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ነቅሎ ካልጣለው ግን ከሥሩ ሌላ ቅጠል ያወጣል፤ ቅጠሉም ቀጭንና ለስላሳ፥ ለውኃ ኑሮ የተሠራ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት የሄደ ልጅም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጭምት ይሆናል፥ ውጤቱ ይወርዳል፥ የነበረው ሞገስ ይረግፍበታል። «ይህ ልጅ አይረባም» የሚለው ዳኛ ቸኩሏል። ሥሩ ደኅና ከሆነ አዲሱ ቅጠል በጊዜው ይመጣል።

በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼ የማርማላታ ብርጭቆ እያመጡ፥ ከወንዝ ዳር የውኃ ሣር እየነቀሉ፥ በመስኮት አጠገብ እያስቀመጡ የኢንገንሃውስን አረፋ ያዩ ነበር። ፀሐይ ስትገባ አረፋው ከቅጠሉ ሲነሣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ይደሰቱ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ትጉህ ልጅ ነበረ። ሣሩን አጥብቆ ከመውደዱ የተነሣ፥ ሥሩ አድጎ እንደ ሆነ ለማየት በየማለዳው ከአሸዋው እየነቀለ ይመለከተውና መልሶ ይተክለው ነበር። የሁሉ ሣር ሲያድግ የእርሱ ብቻ ጠወለገ። ቢጠየቅ «እኔኮ ከሁሉም ይልቅ የተንከባከብኩት እኔ ነኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ደክሟል። ነገር ግን እምነት የሌለው እንክብካቤ ሥር አያስይዝም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አጥሩ ውስጥ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን የአጥሩ ውጭ ነው። ሰው ያሳደገው ተክል ሲበዛበት ወይም ሲሰለቸው ምን ያደርጋል? መግደሉ ያሳዝነዋል፤ ማቆየቱ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ወደ ወንዝ ወስዶ ይጥለዋል። «ነፃ አወጣሁት» ይላል፤ ኅሊናውም ይመሰክርለታል። ሃይድሪላ የሚባለው የውኃ ሣር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለአኳሪየም ንግድ ወደ አሜሪካ ፍሎሪዳ መጣ፤ ወደ ወንዙና ወደ ሐይቁም ወጣ። ከተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ እንኳ እንደገና የሚበቅል ስለ ሆነ ጀልባ መንገድ እስኪያጣ ድረስ ውኃውን ሞላው። ሣሩ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ በትውልድ ቦታው የሚበላው ነፍሳትና የሚገታው ጎረቤት ነበረው። ሰው ተክሉን ሲያመጣ ልጓሙን አላመጣም።

የእኛም አገር ምሳሌ ሩቅ አይደለም። እምቦጭ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሐምራዊ አበባው ውብ ስለ ሆነ ለኩሬ ጌጥ ሲሉ ሰዎች ከአገር ወደ አገር አዛወሩት። በኢትዮጵያ በ1965 በቆቃ ግድብ ታየ፤ በ2011 ደግሞ በጣና መገኘቱ ታወቀ። በሚመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል የሐይቁን ዳር ሸፈነው፤ ታንኳ እንዳይሄድ፥ መረብ እንዳይጣል፥ ከብት ውኃ እንዳይደርስ ከለከለ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ዋሪንግተን በለንደን በመስተዋት ዕቃ የተከለው ቫሊስኔሪያ በጣና ውኃ ውስጥ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ሣር ነው። ማንም መብራት አላበራለትም፥ ማንም ማዳበሪያ አልሰጠውም፤ ፈጣሪ በልኩ አስቀምጦት የዓሣ መሸሸጊያ ሆኖ ኖረ። እምቦጭ በላዩ ሲነጠፍ ግን ብርሃኑ ይቆረጣል፤ ብርሃን ሲቆረጥ አረፋው ይቆማል፤ አረፋው ሲቆም ኦክሲጅን ያንሳል፤ ዓሣውም ይሸሻል ወይም ይሞታል። ኢንገንሃውስ በ1779 ያየው ሕግ በጠርሙስም በሐይቅም አንድ ነው። ደግሞም ከየእርሻው በጎርፍ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ፥ ከየከተማው የሚፈስሰውም እድፍ፥ ያ ጀማሪ ሰው በዕቃው ላይ እንደ ጨመረው ትርፍ ማዳበሪያ ነው። ያልተበላ ማዕድ ሌላ በላተኛ ይጠራል ብዬ ነበር፤ በጣና የመጣው በላተኛ እምቦጭ ነው። አበባውን ከአገር ወደ አገር ያጓጓዙት ሰዎች ውኃን እናጥፋ ብለው አልተነሡም፤ አንድ ሰው ለዓይኑ ደስታ ያደረገውን ግን በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖሩ። የአንዱ ቸልታ የሌላው ቀንበር ነው።

ወግዲም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም። ከጣና የወጣው ዓባይ ከእኛ በስተምዕራብ በገደሉ ግርጌ ያልፋል። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲሉ የኖሩት ከገደሉ አፋፍ ሆነው ግንዱንም አፈሩንም ሲሄድ ስላዩ ነው። አሁን ግን ዓባይ ማደሪያ አግኝቷል። በ2020 ውኃ መያዝ ጀምሮ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ፥ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ነው። እንግዲህ እኛም ውኃ ያጠርን ሕዝብ ሆነናል። ከቦረናና ከወግዲ ቁልቁለት የሚታጠበው አፈር ዱሮ ከዓይናችን ርቆ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ የሚሄደው ወደ ገዛ ዕቃችን ነው። በመኸር እርከኑን ያልጠገነ ገበሬ፥ የላስቲክ ቆሻሻውን ወደ ጅረት የሚጥል ባለሱቅ፥ ዘሩን የማያውቀውን ያማረ ተክል ከሩቅ አምጥቶ በኩሬ የሚተክል ተጓዥ፥ ሦስቱም በአንድ ትልቅ መስተዋት ውስጥ እጃቸውን እያስገቡ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ክርክር ይነሣል። ፊተኛው «ሣር አይሰማውም፤ ለማይሰማው ነገር ምን ዕዳ አለ?» የሚል ነው። ሣር እንደ ሰው እንዲያዝን አልናገርም። ነገር ግን ዕዳው ከሣሩ ስሜት የመጣ አይደለም፤ ከእኛ ሥራ የመጣ ነው። ከቦታው ያነሣነው እኛ ነን፤ ዝናቡንና ነፋሱን የከለከልነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ዝናብና ነፋስ መሆን የእኛ ፋንታ ሆነ። ደግሞም ዝም ያለውን መበደል የለመደ እጅ፥ ዝም እንዲል የተደረገውን ሰው ለመበደል አይቸገርም።

ሁለተኛው «አንዲት ዘለላ ብጥል ምን ትጎዳለች?» የሚል ነው። በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆነውን ነገር አንድ ብሎ መቁጠር ስሕተት ነው። አንዷ ሁለት፥ ሁለቱ አራት፥ አራቱ ስምንት ሲሆኑ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከሚሊዮኖች ይደርሳል። ሐሰትም፥ ጉቦም፥ ሐሜትም እንደዚሁ አንዲት ዘለላ ሆነው ነው የሚጀምሩት።

ሦስተኛው ከሁለቱ የሚከብድ ነው። «ሰው ሲራብ ስለ ሣር ማሰብ ቅንጦት ነው» ይላል። ለተራበ ሰው አስቀድሞ እንጀራ መስጠት ይገባል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በጣና ዳር የተራበው ዓሣ አጥማጅ ማን አስራበው? ሣርን የናቀ ሥራ አይደለምን? የውኃውን ሥርዓት መጠበቅ ከእንጀራ በኋላ የሚመጣ ጌጥ አይደለም፤ የእንጀራው ሥር ነው።

እንግዲህ ለተነሣንበት ጥያቄ መልሱ ሦስት ነገር ሆኖ ይገኛል። ያጠሩትን ለማጠር ከመነሣት በፊት ልኩን ማወቅ፤ ካጠሩ በኋላ የራስን ደስታ ሳይሆን የእርሱን ጉድለት እየተመለከቱ መስጠት፤ ሲበዛ ወይም ሲሰለች በሌላው ሜዳና ውኃ ላይ አለመጣል፥ ይልቁንም በደረቅ ቦታ አድርቆ ማቃጠል ወይም ከወንዝ አርቆ መቅበር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው መስተዋት ባይኖረውም፥ ቤቱ፥ እርሻው፥ ትምህርት ቤቱና አገሩ የታመኑ አደራዎች ይሆኑለታል። ማጠር ለማንም ይቀላል፤ ቤትን ቤት የሚያደርገው ግን ከአጥሩ ይልቅ ጠባቂው ነው።